ሰባኪዋ ዝም ባለች ጊዜ

በኩላሊት እጥበት ክፍሉ ውስጥ «ሰባኪዋ» የሚለውን ስም ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። ስሙ አልከፋትም፤ እንዲያውም ደስ ብሏት ነበር። ጓንት እያጠለቀች፣ መርፌ እያዘጋጀች፣ ሻይ እየጠጣች ስለ ጌታ ታወራለች። ጽዳቶቹ ይስቁባታል፣ ሐኪሞቹ ሰዓታቸውን ያያሉ፤ እሷ ግን ወይ ፍንክች!

ዝም ያሰኘቻት ረጅሟ ነርስ ናት። ረጅሟ ከእሷ ጋር ተመድባ የምትሠራ፣ ቀልድ የማያልቅባት ሴት ነበረች። ጽንስ ወርዶባት፣ ፊቷ አመድ መስሎ ወደ ሥራ የተመለሰች ዕለት ሰባኪዋ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ድረስ ተከትላት ገባችና፣ «እግዜር እኮ ሊያነጋግርሽ ፈልጎ ነው። ቀድመሽ ሰምተሽው ቢሆን ኖሮ...» አለቻት።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ረጅሟ ሳጥኗን ቆልፋ በቀጥታ ወደ ነርሶቹ ኃላፊ፣ ወደ ማትሮኗ ቢሮ ሄደች። ማትሮኗም ሰባኪዋን አስጠርታ፣ «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ክፍል ውስጥ ስለ ሃይማኖት ትንፍሽ ብትዪ ከእኔ ጋር አንተዋወቅም» አለቻት።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ጎን ለጎን እየሠሩ ዓይን ለዓይን እንኳ አይተያዩም። «ፕላስተር»፣ «ጓንት»፣ «ቀጣዩ ይግባ»፤ ንግግራቸው ይኸው ነው። ሰባኪዋ መጀመሪያ ላይ ስለ እምነቷ የተሰደደች መስሏት ነበር። እያደር ግን፣ አውቶቡስ ውስጥ ስትቀመጥም ሳህን ስታጥብም፣ የተናገረችው ትዝ እያላት ታፍር ጀመር። ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ረጅሟ ፊቷን ታዞርባታለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ መብራት ጠፋ።

መብራት መጥፋቱ ብርቅ አይደለም፤ ጄኔሬተሩ ወዲያው ይነሳል። ያን ዕለት ግን አልተነሳም። አዲሶቹ ማሽኖች በባትሪያቸው ሲቀጥሉ፣ ጥግ ያሉት ሁለት አሮጌ ማሽኖች ግን ጥቂት አንጎራጉረው ጸጥ አሉ። በአንዱ የምትታጠበው ወጣት ሴት ናት፣ በሌላው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ መምህር። ከሰውነታቸው የወጣው ደም ቱቦው ውስጥ ቆመ። ደም ከቆመ ይረጋል፤ ከረጋ ደግሞ ወደ ሰውየው አይመለስም።

«በእጅ!» አለች ረጅሟ። «እኔ ልጅቷን፣ አንቺ ጋሼን!»

ሰባኪዋ የማሽኑን እጀታ አውጥታ ደሙን ወደ መምህሩ ለመመለስ በእጇ ማዞር ጀመረች። የአየር ማስጠንቀቂያው አብሮ ስለሞተ፣ ቱቦው ውስጥ አየር ገብቶ ወደ ልባቸው ሊሄድ ቢል የሚናገር የለም፤ ያለው የእሷ ዓይን ብቻ ነው።

«ልጄ፣ ጨለመብኝ» አሉ መምህሩ።

«መብራት ስለጠፋ ነው ጋሼ።»

«በጠራራ ፀሐይ? አትሸንግዪኝ።»

ቀና ብላ አየቻቸው። ከንፈራቸው ነጥቷል፣ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። የደም ግፊታቸው እየወረደ ነው። እጀታውን ብትለቅ ደሙ ይቆማል፣ ባትለቅ ሰውየው ሊያመልጧት ነው።

«ድረሺልኝ!» ብላ ጮኸች።

ረጅሟ የልጅቷን ደም መልሳ ጨርሳ ኖሮ እየሮጠች መጣች። የመምህሩን እግር ትራስ ላይ ሰቅላ የጨው ውሃውን ከፈተችላቸው። ወዲያው፣ «ቁሚ! አየር!» አለች። ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ ወደ ክንዳቸው እየወረደ ነበር። ቱቦውን ቆንጥጣ ያዘችና አረፋውን ወደ ላይ ለመመለስ በጣቷ ትመታው ጀመር። አረፋው አልንቀሳቀስ አለ።

«ልጄ፣» አሉ መምህሩ፣ ድምፃቸው ከጉድጓድ እንደሚወጣ ሆኖ፣ «ድሮ ትጸልዪ ነበር። ምነው ዛሬ?»

ሰባኪዋ ረጅሟን አየቻት።

«ምን ታዪኛለሽ? ጸልዪላቸው እንጂ!»

«ጌታ ሆይ፣» አለች ዓይኗን ከቱቦው ሳትነቅል፣ «ፈርተናል። ጋሼን አትተዋቸው። የእሷን እጅ አጽናላት፣ የእኔንም።» ሌላ ቃል አልመጣላትም። ያ ሁሉ በቃሏ የምትወጣው ጥቅስ የት እንደገባ እንጃ።

ረጅሟ መምታቷን አላቆመችም። አረፋው ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ።

«አዙሪ። ቀስ ብለሽ።»

ሰባኪዋ ክንዷ እስኪዝል አዞረች። ቱቦው መጀመሪያ ፈዛዛ ቀይ፣ ኋላም ንጹሕ ውሃ መሰለ። ደማቸው ገብቶ አለቀ። መርፌው ተነቅሎ የመምህሩ ፊት ወዝ ሲመለስበት፣ ከጓሮ ጄኔሬተሩ አጓራ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ መምህሩ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ሁለቱ ነርሶች እጃቸውን ሊታጠቡ ዕቃ ክፍል ገቡ። ረጅሟ ቧንቧውን ከፈተች።

«ለእሳቸው እንደዚያ ጸለይሽ» አለች። «እኔ ላይ ግን ፈረድሽ። ለምን?»

ሰባኪዋ የምትመልሰው ሰበብ አላጣችም፤ አንዱንም ግን አልፈለገችውም። «ሐዘንሽ አስፈራኝ። የምለው ስላጣሁ ከራሴ ፈጥሬ በእግዜር ስም ተናገርኩ። እሱ እንደዚያ አላለም። ይቅር በዪኝ።»

ውሃው ይፈሳል። ረጅሟ ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ልጄ ሴት ነበረች» አለች። «አንድም ሰው አልጠየቀኝም።»

ሰባኪዋ ወደ እሷ ጎንበስ አለች።

«አሁን እንዳትሰብኪኝ።»

«አልሰብክም።»

«ግን አትሂጂ።»

ሰባኪዋ ቧንቧውን ዘግታ አጠገቧ ተቀመጠች። ረጅሟ ጽንሱ ከወረደባት ወዲህ ያላለቀሰችውን ሁሉ ያን ቀን አለቀሰችው።

ረጅሟ አማኝ ሆነች ተብሎ አልተወራም፤ አልሆነችምም። ቀልዷ ግን ተመለሰ። ከሳምንታት በኋላ አንሶላ እየዘረጉ ሳለ ድንገት፣ «ያን ዕለት የምታናግሪው አምላክ እየሰማሽ እንደሆነ እርግጠኛ ነበርሽ?» ስትል ጠየቀቻት።

«ነበርኩ። በጣም ፈርቼም ነበር።»

«ሁለቱም ባንዴ?»

«ሁለቱም ባንዴ።»

ረጅሟ የአንሶላውን ጫፍ አቀበለቻትና፣ «እሺ፣ እየፈሩ ስለሚያናግሩት ስለዚህኛው ጌታ ንገሪኝ» አለች።