የአልማዜ ቃጫ

«እኔንም ያመኝ ነበር አልኩሽ፤ ስወልድ ተወኝ» አለች ገበያነሽ፣ ለገበያ የምትገምደውን ቃጫ ከጭኗ ላይ ሳታነሳ።

«አልማዜንም እንደዚሁ ብለሻት ነበር» አለቻት እህቷ ጥሩብርሃን።

ፀዳለ መደቡ ላይ ጉልበቷን ወደ ሆዷ አጥፋ ትሰማቸዋለች። አክስቷ ጥሩብርሃን ዓይነ ጥላ ነውና ጠበል ትሂድ ትላለች፤ እናቷ ገበያነሽ ደግሞ እሑድ ሽማግሌ ይመጣል፣ በሽተኛ ናት ከተባለ ማን ደጃችንን ይረግጣል ትላለች።

የኮልፌው ድሬሰር አቶ መሸሻ ትናንት ብዙ ጠይቋት ነበር። ከልጅነት ጀምሮ ከወር አበባው ደም ጋር እየመጣ በሁለት በሦስት ቀን የሚለቅ ሕመም ብዙ ሴቶች አለባቸው፤ ቢያስጨንቅም ከሥሩ በሽታ የለበትም አላት። ዘግይቶ የጀመረ፣ ደሙን የሚቀድም፣ ከደሙ በኋላም የሚቆይ፣ በየወሩ የሚብስ ከሆነ ግን ሌላ ነገር አለና ሐኪም ቤት ሂጂ ብሎ ወረቀት ጻፈላት። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ቀኑን ቆጥሪ አላት።

ቀኑ ተቆጥሯል። በዚህ ቤት ሴት ልጅ ቤተ ክርስቲያን የማትገባበትን የደም ቀን በቃጫ ላይ በትልቅ ቋጠሮ ትቋጥራለች። ለሕመሙ ቀን ትንሽ ቋጠሮ መጨመር የጀመረችው ታላቅ እህቷ አልማዜ ነበረች። አልማዜ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ቃጫዋን ከተሰቀለበት የግድግዳ ምስማር ያወረደ የለም።

ፀዳለ አወረደችውና ከራሷ ቃጫ ጎን ዘረጋችው። የአልማዜ መጀመሪያ ላይ ትልልቁ ቋጠሮ ብቻ ነው። ኋላ ከትልልቁ በፊት አንድ ትንሽ መጣ፤ በሚቀጥለው ወር ሁለት፣ ከዚያ አራት፤ ቀጥሎ ከትልልቁ በኋላም። የፀዳለም እንደዚያው ነበር። አንድ እጅ የቋጠራቸው ይመስላሉ። የፀዳለ ቋጠሮ በሚያበቃበት ላይ ለአልማዜ የቀሯት ሁለት ወሮች ነበሩ። ከዚያ ወዲያ የአልማዜ ቃጫ ልሙጥ ነው። ጣቷን እስከ ጫፉ አስኬደችበት።

«እማዬ፣ ያንቺ ሕመም ደሙን ይቀድም ነበር?»

«ምን ሲደረግ ይቀድማል? አብሮ መጥቶ አብሮ ይሄድ ነበር።»

ጥሩብርሃን ለጠበሉ ቅዳሜ ይሻላል አለች። ገበያነሽ እሑድ ይለፍ አለች።

ፀዳለ ነጠላዋን ለበሰች፤ ሁለቱን ቃጫ በእጇ ጠመጠመች፤ የሐኪም ቤቱን ወረቀት በደረቷ ከተተች። በመሐላቸው ወደ ደጅ ስታልፍ ጥሩብርሃን እግሯን ሰብሰብ አደረገችላትና ስለ ቅዳሜ መናገሯን ቀጠለች።