ለሁሉም ይገጥማል

ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ መካኒክ ነበር። ወገቡ አልታጠፍ ሲለው፣ የመኪና መለዋወጫ በኢንተርኔት የሚሸጠው አማቹ፣ የአንድ ልጁ ባል፣ ወስዶ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጠው። ሥራው የትኛው ዕቃ ለየትኛው መኪና እንደሚሆን ለክቶ መመዝገብ ነው። መለኪያው ከኪሱ ስለማይለይ መጋዘኑ ውስጥ «ሚሊሜትር» ይሉታል።

አማቹ ደግሞ መለካት የሚባል ነገር አይወድም። የእሱ ጥበብ ኮምፒውተሩ ላይ «ይገጥማል» የምትለዋ ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው።

«አባባ፣ ይቺን የፍሬን ሸራ ለአዲሱ ሞዴል ለምን ከለከሏት?»

«አራት ሚሊሜትር ትሰፋለቻ።»

«አራት ሚሊሜትር ምን አላት? ይግዙ፣ ካልሆናቸው ይመልሳሉ።»

«ፍሬን እኮ ነው ልጄ። መጋረጃ መሰለህ?»

አማቹ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ምልክቱን ራሱ አደረገ።

ሰዉም መመለሱን ተያያዘው። መመለሻው ፎርም ላይ ሁሉም የሚመርጠው ምክንያት «መረጃው የተሳሳተ ነው» የሚለው ነበር። አማቹ ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ምክንያቱን ከፎርሙ ላይ ፋቀው። የቀረው «ደንበኛው ተሳስቷል» የሚለው ብቻ ነው። መስታወቱን ሰብሮ ቆንጆ ሆንኩ እንደማለት። በአንድ ቀን የድርጅቱ ስህተት ድራሹ ጠፋ።

«ከእንግዲህ አንድ ምልክት ቢነኩ ቤትዎ ያርፋሉ» አለው ሚሊሜትርን። ቤት ያለው የራሱን የአማቹን ቤት ነው፤ ሽማግሌው የሚኖረው እዚያ ነዋ። ሽማግሌው ተናደደ፣ አፈረም። ከዚህ ወንበር ከተነሳ መካኒክነቱ አበቃለት ማለት ነው። ዋጥ አድርጎ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

ሳምንት ሳይሞላ የሽማግሌው ልጅ መኪና፣ ያውም አዲሱ ሞዴል፣ ፍሬኗ መጮህ ጀመረ። ባልየው ከገዛ ድረ ገጹ አዘዘላት። ያችኑ ሸራ! ጠዋት ቢሮ እንደተቀመጡ ጋራዡ ደወለ።

«ጌታዬ፣ ሸራው አልገባ አለ። አራት ሚሊሜትር ይተርፋል። ልሞርደውና ላስገባው?»

አማቹ ፊቱ አመድ መሰለ። «እንዳትነካው» አለ። «ልጆቼን የምታመላልስበት መኪና ነው።»

ስልኩን ዘግቶ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «አባባ፣ እስቲ ምልክቷን ያንሱልኝ።»

«ለእናንተ መኪና ብቻ ነው ለሁሉም?»

አማቹ ጥቂት አሰበ። እውነትም አሰበ። «ለጊዜው ለእኛዋ» አለ።

ሚሊሜትር መነጽሩን አደረገና በአዲሱ ሞዴል ሥር ያለውን የሸራዋን ምልክት ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ አነሳ። አንድም አላስቀረ። ከዚያ መለኪያውን ኪሱ ከትቶ ከወንበሩ ተነሳ።

«በል፣ እኔ ቤት ማረፌ ነው። አንተ የመመለሻ ፎርምህን ሙላ።»

አማቹ ተቀመጠ። ስሙን ጻፈ፣ ወደ ምክንያቱ ወረደ። ያለው አንድ ምርጫ ነው፤ «ደንበኛው ተሳስቷል» የሚለውን ነክቶ ላከ።

ያኛው ምክንያት ከተፋቀ ወዲህ በእውነት የተሞላ ፎርም ያ ብቻ ነው።