የትራም ነጂው ሚስት

ሦስተኛው ትራምም ሳይቆም አለፈ።

«ኧረ ቁም! ቁም አንተ!» ብላ ዴኦሊንዳ ከዘራዋን እያወዛወዘች ጮኸች። ትንሿ ቢጫ ትራም ግን እስከ በሯ ድረስ በቱሪስት ታጭቃ፣ ደወሏን እያንቃጨለች ዳገቱን ተያያዘችው። አንድ ፊቱ በፀሐይ የቀላ ጎልማሳ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ዴኦሊንዳን ፎቶ አነሳት። አንስቶም ፈገግ አለላት።

«አየሽው ግራሳ? አየሽው ይሄን አይን አውጣ? ጥሎኝ እየሄደ ፎቶ ያነሳኛል!»

«ተይው እማዬ፣ ምን ያውቃል ብለሽ ነው» አለች ልጇ።

«ምኑን ነው የማያውቀው? አሮጊት መሆኔን ነው?»

ከገጠር በሌሊቱ አውቶቡስ ተነስተው ሊዝበን የገቡት አራት ሆነው ነበር፤ ዴኦሊንዳ፣ ልጇ ግራሳ፣ የግራሳ ባል አዴሪቶና የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጃቸው ማፋልዳ። ለሽርሽር አይደለም የመጡት። ከመቃብር ቦታው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ደርሷቸው ነው። ሟች ባሏ ሲልቬሪዮ ለተቀበሩበት ቦታ የተፈቀደው ዘመን ስላበቃ፣ ሐሙስ ከረፋዱ በአምስት ሰዓት አፅማቸው ወጥቶ ስማቸው ወደ ተጻፈበት የግድግዳ ሣጥን ይዛወራል፤ በሰዓቱ የቀረበ ቤተሰብ ከሌለ ግን አፅሙ ወደ ጋራ ጉድጓድ ይገባል ይላል። ዴኦሊንዳ ደብዳቤውን በቃሏ ይዛዋለች። በጉያዋ ባለው የጨርቅ ቦርሳም ሙሽራ ሳለች የጠለፈችው ነጭ በፍታ አለ፤ አፅሙን የምትጠቀልለው በሱ ነው።

አሁን አራት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው።

አዴሪቶ ገና ከአውቶቡስ ሲወርዱ «ታክሲ እንያዝ» ብሎ ነበር። እሷ ናት እንቢ ያለችው። «የትራም ነጂ ሚስት ሆኜ ባሌ ዘንድ በታክሲ ልሂድ? ደግሞ ከሦስት ሰዓት በኋላ ሠራተኛው ሁሉ ገብቶ ትራሙ ባዶውን ነው የሚሄደው፤ ከኔ በላይ ልታውቅ ነው?» ብላ አፉን አስያዘችው። እውነቷን ነው፣ ሲልቬሪዮ ሠላሳ አንድ ዓመት በዚሁ መስመር ሲነዳ በዚህ ሰዓት ትራሙ ባዶ ነበር። የምሳ ስንቁን ቋጥራ ደጇ ላይ የምታቀብለው በዚሁ ሰዓት ነበር። እሱ ሞቶ እሷ ልጇ ዘንድ ገጠር ከገባች ግን ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ ዘጠኝ ዓመት ደግሞ ስንቱን ይለውጣል።

የፌርማታው ደረጃ ላይ አንዲት እግሯ በፋሻ የተጠቀለለ አሮጊት ተቀምጣ ነበር። ቀና ብላ አፍጥጣ አየቻት።

«አንቺ... የሲልቬሪዮ ሚስት አይደለሽም እንዴ?»

«ኤርሚኒያ! በሕይወት አለሽ?»

«ምን ሕይወት ነው እሱ» አለች ኤርሚኒያ ከተሳሳሙ በኋላ። ፊት ለፊት ቤት ጎረቤቷ የነበረች፣ የድመቶቿ ብዛት ሰፈሩን ያስመረረ ሴት ናት። «ለእግሬ ቁስል በሳምንት ሁለቴ ላይኛው ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ። ከፋሲካ ወዲህ ግን አንድም ቀን ትራም ተሳፍሬ አላውቅ። ከታች ሞልቶ ነው የሚመጣው። እያንዳንዱ ደጃፍ ላይ እየተቀመጥኩ በእግሬ እወጣለሁ።»

«የሰፈሩ ሰው ዝም ይላል?»

«የቱ ሰፈር? ከኛ ሕንፃ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሌላው ሁሉ የእንግዳ ማረፊያ ሆኗል። መጀመሪያ ሁለት ቤት ብቻ ነው አሉን፤ ጠዋት ጠዋት ሰላም ሲሉን እኛም ደስ አለን። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እቴ።» ከዘራዋን ተደግፋ ተነሳች። «እኔ ልሂድ፣ ቀጠሮዬ ያልፍብኛል። ዛሬም በእግሬ ነው።»

እግሯን እየጎተተች ስትወጣ ዴኦሊንዳ በዓይኗ ሸኘቻት። ሦስት ቤት እንዳለፈች አንድ ደጃፍ ላይ ቁጭ አለች። ዴኦሊንዳ ደሟ ፈላ።

አዴሪቶ በስልኩ ታክሲ ሲጠራ ቆይቶ ላብ በላብ ሆኖ መጣ። «መንገዱ በቱሪስት ባጃጅ ተዘግቷል፣ እማማ። ታክሲው አርባ ደቂቃ ይፈጅብኛል ይላል። በእግር እንዳንሄድ ደግሞ ጉልበትዎ...»

«ጉልበቴን ተወው። ስንት ሰዓት ነው?»

«አራት ከሃያ።»

አራተኛው ትራም ከታች ብቅ አለ። እሱም ጢም ብሎ ሞልቷል። ዴኦሊንዳ ቦርሳዋን ለማፋልዳ አስያዘቻትና ከእግረኛ መንገዱ ወርዳ ሁለቱ ሐዲዶች መሀል ገብታ ቆመች።

«እማዬ! አብደሻል?» ግራሳ ጮኸች።

ትራሙ ደወለ። ደግሞ ደወለ። ሐዲዱ እየተንጫጨ ሁለት ክንድ ሲቀረው ቆመ። ነጂው፣ ጢሙ ገና ያልጠና ወጣት፣ በመስኮት ጮኸ።

«እማማ፣ ከሐዲዱ ይውጡ እንጂ!»

«አልወጣም!»

«ሞልቷል እኮ! የት ላስቀምጥዎት፣ ጭንቅላቴ ላይ?»

«ስማኝ ልጄ! ባሌ በዚህ ሐዲድ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቷል። አንድ ቀን የሰፈሩን ሰው ጥሎ አልሄደም። ዛሬ በአምስት ሰዓት አፅሙን ያወጣሉ፤ ካልደረስኩለት ከማንም ጋር ቀላቅለው ይደፉታል። እንግዲህ ከፈለግህ ንዳና እለፍብኝ!»

ከትራሙ ውስጥ ስልኮች ወጡ። ሳቅም ተሰማ። አዴሪቶ አንገቱን ደፍቶ «እማማ፣ ሰው እየቀረጸን ነው፣ ኧረ በፈጠረዎት...» ይላል።

«ይቅረጹ! ከመጡ ጀምሮ ሌላ ምን ሥራ አላቸው!»

ነጂው አንዴ እሷን፣ አንዴ ኋላውን አየ። «ስማቸው ማን ነበር?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሲልቬሪዮ።»

«አላውቃቸውም። ሥራ ከገባሁ ገና ሁለት ዓመቴ ነው» አለ። ከዚያ የመንጃውን የነሐስ እጀታ ነቅሎ በእጁ ያዘ።

ዴኦሊንዳ ይህን ታውቀዋለች። እጀታው ከተነቀለ ትራም ግዑዝ ብረት ነው፤ ሲልቬሪዮም ሰካራሞች ሲደባደቡ እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ወጣቱ ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞሮ፣ እጀታውን ከፍ አድርጎ፣ በባዕድ ቋንቋ ተናገራቸው። ማፋልዳ ትምህርት ቤት የተማረችውን እያሰበች ለአያቷ ተረጎመችላት።

«አራት ሰው ይውረድ፤ አለዚያ ሁላችንም እዚሁ እንውላለን እያለ ነው አያቴ።»

ጉርምርምታ ተነሳ። አንዱ የቀን ሙሉ ትኬቱን እያውለበለበ ተቆጣ። ነጂው እጀታውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። በመጨረሻ አንዲት ወጣት ጓደኛዋን ጎትታ ወረደች፤ ዴኦሊንዳ አጠገብ ስትደርስም አንገቷን ዝቅ አድርጋ ይቅርታ የሚመስል ነገር አለች። ሌሎች ሁለት ደግሞ እየተራገሙ ወረዱ።

አዴሪቶ አማቱን በክንዷ ደግፎ አሳፈራት። ኤርሚኒያን ግን መንገድ ላይ አላገኟትም። በአቋራጩ ደረጃ ገብታ ይሆናል። ዴኦሊንዳ በየደጃፉ ስትፈልጋት መጥታ ስታጣት ከንፈሯን ነከሰች። «አምስት ሰው አስወርድ ልለው ይገባኝ ነበር እኮ» አለች ለራሷ።

መቃብሩ ጋ የደረሱት ለአምስት ሰዓት ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ሁለት ቆፋሪዎች አካፋቸውን ተደግፈው ይጠብቁ ነበር። ሥራው ብዙ አልፈጀም። ሲልቬሪዮ የተቀበረው ከነደንብ ልብሱ ነው፤ ጨርቁ አፈር በልቶታል፣ የኮቱ የነሐስ ቁልፎች ግን አሉ። ዴኦሊንዳ እያንዳንዱን አጥንት በመዳፏ እየጠረገች በፍታው ላይ አኖረች። ቁልፎቹን አምስት አገኘች። ስድስተኛዋን ቆፋሪዎቹ አፈሩን አበጥረው ፈለጉላት።

«ተዉት» አለቻቸው። «ያኔም አልነበረችም። ‹ስፊልኝ› ሲለኝ ነገ እያልኩ ነው ሳልሰፋለት የሞተው።» በዚህ ጊዜ ነው ያለቀሰችው፣ ጠዋቱን ሙሉ ያልወጣላት እንባ። ግራሳ አቀፈቻት። ስሙ የተጻፈበት ትንሽ የእብነ በረድ መዝጊያ ሲገጠም ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር።

ሲመለሱ ትራሙ ከመነሻው ባዶ ነበር። ከኋላቸው ረጅም ሰልፍ ቢኖርም መጀመሪያ የገቡት እነሱ ናቸው። ዴኦሊንዳ የሁለት ሰው ወንበር ላይ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠችና ባዶ ቦርሳዋን አጠገቧ አኖረች። ማፋልዳ ልትቀመጥ ስትል ከለከለቻት።

«አንቺ እግር አለሽ። ቁሚ።»

ትራሙ ሞላ። ሰው በሰው ላይ ተጣበቀ። አንዲት ባርኔጣ ያደረገች ቱሪስት ቦርሳውን እያሳየች ጠየቀች። ዴኦሊንዳ ራሷን ነቀነቀች። ሌላ ሰውዬ መጣ። አሁንም ነቀነቀች።

አዴሪቶ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ «እማማ፣ ሰው ቆሞ ባዶ ወንበር መያዝ ነውር አይደለም?» አላት።

«ነውር ነው» አለች። «ዛሬ ግን ነውሩን ለኔ ተዉት።»

ትራሙ ቁልቁለቱን ወረደ። ዴኦሊንዳ ቦርሳውን በአንድ እጇ ተጭና በመስኮት ታያለች። ጤና ጣቢያው ጋ ሲቃረቡ ፌርማታው ላይ የታሸገ ፋሻ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ኤርሚኒያ ተቀምጣለች። ትራሙ ሲመጣ ቀና እንኳ አላለችም። እጇንም አላነሳችም።

ዴኦሊንዳ የማቆሚያውን ገመድ በሙሉ ኃይሏ ሳበችና በመስኮት ብቅ አለች።

«ኤርሚኒያ! አንቺ ኤርሚኒያ! ተነሺ እንጂ፣ ቦታ ይዤልሻለሁ!»

አዴሪቶ ሰዉን በትከሻው እየገፋ ሊደግፋት ወደ በሩ ሄደ። ዴኦሊንዳ ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ አነሳች።