የእንየው እጅ ጽሑፍ

«እንደ እንየው የሚጽፍ ከእንግዲህ አይገኝም» አለ ይርጋ፣ አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ፊደሉ የዳዊት መጽሐፍ ይመስል ነበር።»

ላቀች ሰማችው። ባሏ እንየው ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ እንባ እንኳ እምቢ ብሏታል። ለቀስተኛ ሲገባ ብድግ ትላለች፣ ሲወጣ ትቀመጣለች፤ በቃ።

ለአርብ ገበያ ሰው እንየው ማለት ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። የመሬት አዋጁ ሲመጣ የባላባቶቹ ክርክር ቀረና ገቢው ደረቀ። እሱ ግን መች እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ሸንጎ የሚቆመውን ገበሬ ማማከር ጀመረ፤ ለወታደር እናቶች ደብዳቤ ጻፈ፤ ቆይቶ ቀፎም ሰቀለ።

«በአንድ ሥራ ተንጠልጥሎ መኖር አይቻልም፣ ላቅዬ» ይላት ነበር።

«የቀረህ ንብ ነበር» ትለዋለች እሷም።

ከዚያ ዓይኑ ፈዘዘ። ገበያ ላይ የሰውን ነገር ሰምቶ፣ መክሮ፣ «ነገ መጥተህ ውሰድ» ይላል። ቤት ሲገባ መደቡ ላይ ጋደም ብሎ ይናገራል፣ እሷ ትጽፋለች። አምስት ዓመት ሙሉ ሰው ያደነቀው እጅ የእሷ ነበር። «ሚስቱ ናት የምትጽፍለት ከተባለ ማን ይመጣል?» ብሎ አስምሏታል።

ከቀትር በኋላ እማማ ተሾመች መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ነውር መሆኑን አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ» አሉ። «ልጄን አለባቸውን ለውትድርና መልምለውብኛል። ነገ ጠዋት ምልምሎቹን ይጭኗቸዋል። እንየው ሊጽፍልኝ ቃሌን ሰምቶ ነበር። ጅምሩ ካለ ስጪኝና የሚጨርስልኝ ልፈልግ።»

«ጅምር የለም፣ እማማ።»

አሮጊቷ አንገታቸውን ደፉ። ላቀች አየቻቸው። ኀዘንተኛ በሰልስቷ ሥራ አትነካም። ስትጽፍ ከታየች ደግሞ የእንየው ስም አለቀለት፤ መሐላዋም ፈረሰ። ልጁ ግን ነገ ሊሄድ ነው።

ተነስታ ከሣጥኑ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣችና መጻፍ ጀመረች። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ይርጋ አንገቱን አስግጎ ያንኑ የሚያውቀውን ፊደል አየና ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ።

«ባለቤቴ የሞተብኝ፣ ከአንድ ልጄ በቀር ጧሪ የሌለኝ ነኝ።» አራት ነጥቡን አድርጋ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ አነሳች። ጆሮዋን ወደ ባዶው መደብ አዘነበለች።

«ምነው ልጄ?» አሉ ተሾመች።

ላቀች ቀጣዩን ቃል እየጠበቀች ነበር። ከመደቡ ምንም አልመጣም። ጎንበስ አለችና ጻፈች።