ደምለውና ከባሕር ማዶ የመጣው ጀልባ

ደምለው ጀልባ አስመጣ። ጠመንጃ ቢያስመጣ፣ በቅሎ ቢያስመጣ፣ ሌላው ቢቀር ወባ ይዞ ቢመጣ መተማ ላይ የሚደነቅ አልነበረም። እሱ ግን ከባሕር ማዶ ጀልባ አስመጣ። ጣሊያን አገሩን በያዘ በሁለተኛው ዓመት መሆኑ ነው። ፊታውራሪ ብለው የሾሙት እነሱ ናቸው፤ እነሱው በማዕረጉ ይጥሩት፣ እኛ ደምለው እንለዋለን።

ጀልባው ደግሞ አሮጌ ነው። አንድ እንግሊዛዊ የመን ዳር ኤደን ወደብ ላይ ዓሣ ሲያጠምድበት ኖሮ የሰለቸው፣ ኋላው ላይ ሞተር የተገጠመለት የእንጨት ጀልባ። በመርከብ ፖርት ሱዳን፣ በባቡር ገዳሪፍ፣ በካሚዮን ገላባት ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህ የገበሬ በሬ እየተጠመደ ጎተተው። ባለበሬዎቹ መንገድ ላይ ያሉት ነገር የሚጻፍ አይደለም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ጓንግ በክረምት ሲሞላ ጣሊያን ወደ አርማጭሆ መሻገር አይችልም። አርበኛው ከወንዙ ማዶ ክረምቱን ያርፋል፣ ቁስሉን ያስታምማል። ደምለው ታዲያ፣ «እኔ በክረምት አሻግራችኋለሁ» ብሎ ለጣሊያኑ ሹም ቃል ገባ። በዚህ ውለታው የወንዙ ዳር አገር በሙሉ ሊሰጠው ነው።

ሚስቱ ጸዳለ ይህን የሰማች ዕለት እህል አልቀመሰችም። ወንድሟ አለነ ጭኑን ተመትቶ ከማዶ ተኝቷል። ጀልባው ከተሻገረ አለነ አለቀለት። ባሏን መናቅ ከጀመረች ቆይታለች፤ ንቀት ብቻውን ግን ወንድም አያድንም።

ጀልባውን ያመጣው የገዳሪፉ ነጋዴ ጀይሉ ሲሰናበት እሷም ቆማ ነበር።

«ጌታው፣ ይህ እንጨት ውሃ የለመደ ነው» አለ ጀይሉ። «ክረምት እስኪገባ ከጓንግ ኩሬ ውስጥ ይንከሩት። ፀሐይ ከመታው ይሰነጠቃል። ወላሂ፣ ጣት ያስገባል!»

«ከእንግሊዝ እጅ የመጣ ዕቃ ጭቃ ውስጥ ልቅበር?» አለና ደምለው ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ኧረ ምን በወጣው!» አለች ጸዳለ። «ከደጅ ይቁምና ያየ ሁሉ ይቅና እንጂ። እንዲያውም ላዩ ላይ ተቀምጠው ለምን አይፈርዱም? እንዲህ ያለ ዙፋን ጎንደርም የለ።»

ጀይሉ አያት። እሷም አየችው። ሰውዬው ብልህ ነበርና አፉን ዘግቶ ወደ አገሩ ሄደ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ የጸዳለም ሙገሳ እንዲያ ነበር። ደምለው ከኅዳር እስከ ግንቦት፣ ያ የቆላ ፀሐይ ድንጋይ ሲያፈርስ፣ ጀልባው ላይ ጃንጥላ አስይዞ ተቀመጠ። ባለጉዳይ ከታች ቆሞ አንጋጦ ያመለክታል። አንድ ቀን አዛናው የሚባሉ ሽማግሌ በድንበር ተካሰው ቀረቡና፣ «ጌታዬ፣ ነገሬን ልጀምር ወይስ እስኪሻገሩ ልጠብቅ?» አሉ። ሰዉ ሳቁን በነጠላው ሸፈነ። ደምለው የተሞገሰ መስሎት ራሱን ነቀነቀ። ሹመት ለማይገባው ሲሰጥ ጆሮም አብሮ ይደነቁራል መሰለኝ።

እንጨቱ እንደተባለው ተሰነጠቀ። ጸዳለ ስንጥቁን በቅቤ በለወሰችው አመድ እየሞላች ታወለውለዋለች። ባሏ ሲያብረቀርቅ እያየ፣ «አየሽ፣ የፈረንጅ ሥራ!» ይላል። እሷም «እውነትም» ትላለች።

ሐምሌ ገባ፤ ጓንግ ዛፍ ከነሥሩ እየነቀለ መውረድ ጀመረ። ጣሊያኑ ሹም አስካሪ የሚላቸውን ጥቁር ወታደሮቹን አስከትሎ መጣ። ጀልባው ውሃው ዳር ወርዶ በገመድ ከዛፍ ታሰረ። ሹሙ ሞኝ አልነበረም። እንጨቱን ደባብሶ በአስተርጓሚው፣ «መጀመሪያ ባለንብረቱ ይግባበት» አለ።

ያን ሁሉ ወር ጀልባ ላይ ተጎልቶ የፈረደው ደምለው ውሃውን አየ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ይህን ጀልባ እንደ ዓይኗ የጠበቀችው ባለቤቴ ናት» አለ። «የመጀመሪያው ክብር ለሷ ይገባል።»

ወንድ ተብሎ ሱሪ የታጠቀው ይህ ነው እንግዲህ።

ጸዳለ ገባች። ውሃው በየስንጥቁ ብቅ ብሎ እግሯን አቀዘቀዘው። መቀመጫው ላይ ተቀምጣ ቀሚሷን ሰፋ አድርጋ ወለሉን ሸፈነች።

«ውሃ ያስገባል?» ሲል ሹሙ በአስተርጓሚው አስጠየቀ።

«ጠብ አይልም» አለች።

አስካሪዎቹ ጠመንጃቸውን ከፍ አድርገው ቁልቁል መውረድ ጀመሩ። ከገቡ ውሃውን ያዩታል፤ ካዩት ስቦ ማውጣት፣ ስንጥቁን በሬንጅ መድፈን ነው፤ ክረምቱ ደግሞ ገና ነው፤ ጠግነው ይሻገራሉ። ጸዳለ ፈራች። ግን ጎንበስ አለችና ገመዱን ከጀልባው አፍንጫ ፈታችው።

ጓንግ ጀልባውን እንደ ቅል አሽከረከረው። መሐል ላይ ሲደርስ ሞተሩ ከበደውና በኋላው ሰጠመ። ጸዳለ ተነቅሎ የተንሳፈፈ ጣውላ አቅፋ ብቅ ጥልቅ አለች፤ ወንዙ የሚታጠፍበት ላይ ውሃው ከማዶ ቁጥቋጦ ውስጥ ወረወራት። ጭቃ አስመልሷት፣ ቅርንጫፍ ይዛ ቆመች።

ደምለው በወዲህኛው ዳር እየተደናቀፈ ሲሮጥ ደረሰ። ሹሙ በቋንቋው እየጮኸ ከኋላው ነው፤ አስካሪዎቹም አሉ።

«ጸዳለ! ነይ እንጂ!» አለ ደምለው፣ ድምፁ እየሰለለ። «እኔ እንዳላበላሸሁት ንገሪያቸው! ሊሰቅሉኝ ነው፣ ነይ!»

ጓንግ በመሐላቸው ሞልቶ ይወርዳል፤ እስከ መስቀል አይጎድልም። ጸዳለ የቀሚሷን ጫፍ ጨመቀች።

«መጥተህ ውሰደኝ!» አለችው።