ለእኔ ማንም አይነሳም

ሳጉሬ ላይ ነፋሱ ሲብስ የአህያዬን ጆሮ ገንጥሎ ዲክሲስ ይጥለዋል፣ እኔም በማግስቱ በሚኒባስ ሄጄ አመጣዋለሁ። ይህን ስነግራችሁ ባታምኑኝ አልቀየምም፤ አገሬው ሁሉ አያምነኝም። ይሄኛውን ግን ካላመናችሁኝ እቀየማለሁ። ደሜ እንደፈላ ነው የማወራው።

ጎረቤቴ እትዬ የሺሃረግ ቤተክርስቲያን ሊሳለሙ ሄደው ደረጃው ላይ ከወደቁ ወዲህ ከመቀመጫቸው መነሳት ጭንቃቸው ነው። ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ያሉትን ቅዱሳን ሁሉ ጠርተው ነው የሚነሱት። ሽንት ቤት የምታደርሳቸው ተከራያቸው አስተማሪዋ ማሚቱ ናት፤ እሷ ክፍል ከገባች ይዘው ይጠብቃሉ። ይሄን ለሰው አይናገሩም። እኔም ያወቅኩት ግድግዳችን አንድ ስለሆነ ነው።

አምና የአረጋውያንን ጤና የሚያጠኑ ሰዎች ከዩኒቨርሲቲ መጡ። የምትመራቸው ዶክተር ናዝሬት የምትባል፣ ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች ወጣት ናት። ጉልበት የከዳቸው ሽማግሌዎች በበዙበት ከተማ ቤት ለቤት እየዞረ የሚያሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይመደባል፣ ከዘራም ይታደላል ተባለ። እትዬ የሺሃረግ ይሄን በሰሙ በማግስቱ ቤታቸውን አስጠረጉ፣ ንጹሕ ነጠላ ለበሱ።

ጉዱ እዚህ ጋ ነው። እንግዳ ሲገባ እትዬ የሺሃረግ «ኖር» ብለው ካልተነሱ ነፍሳቸው አይረጋም። የሚገባው ሰው ደግሞ አሳዳጊ ካለው ገና ከደጅ «በእግዜር፣ አይነሱ» ይላል፤ እሳቸውም ከመደቡ ትንሽ ፈቀቅ ብለው መልሰው ይቀመጣሉ። የስንቱ አዛውንት ወገብ እስካሁን የተረፈው በዚህች ቃል ነው።

አጥኚዎቹ ግን የተማሩ ናቸው። የሚጠናውን ሰው በቃል አታግዙ፣ አትከልክሉ፣ ዝም ብላችሁ እዩ ተብለው ሠልጥነዋል። መጀመሪያ ዶክተሯ ገባች፤ እትዬ የሺሃረግ «ኖር» ብለው ተነሱ። ዶክተሯ ዝም። ተቀመጡ። ሚዛን የተሸከመው ገባ፤ ተነሱ። እሱም ዝም። የደም ግፊት መለኪያ የያዘችው ገባች፤ ተነሱ። በመጨረሻ ሾፌሩ ሳይቀር ቁልፍ ፍለጋ ገባ፤ እትዬ የሺሃረግ ላባቸው በግንባራቸው እየወረደ ተነሱ። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ልናገር ስል በዓይናቸው ገሠጹኝ። ሕመም እንዳለባቸው ሲጠየቁም ተመስገን፣ ደህና ነኝ አሉ። ሰዎቹ ሲወጡ አልጋቸው ላይ ወደቁ። ማሚቱ በሙቅ ውሃ ስታሻቸው ማቃሰታቸው በግድግዳው አልፎ ይሰማኝ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ውጤቱን ስሙ ተብለን ቀበሌ አዳራሽ ተጠራን። እትዬ የሺሃረግ በባጃጅ ተጭነው መጡ። ዶክተሯ የሳጉሬ አረጋውያን ያለ ማንም እርዳታ፣ ያውም ደጋግመው ከመቀመጫቸው የሚነሱ ብርቱዎች ናቸው አለች። የደጋው አየርና የገብሱ ምግብ ሳይሆን አይቀርም አለች። ስለዚህ ባለሙያው ጎረቤት ከተማ ሁሩታ ይመደባል። ተጨበጨበ። ማን አጨበጨበ ብትሉኝ ራሳቸው ሽማግሌዎቹ። እንግዳ ሲናገር አይጨበጨብም ወይ? እትዬ የሺሃረግም ያጨበጭባሉ፤ እንባቸው ግን ነጠላቸው ላይ ይወርዳል።

ያኔ አልቻልኩም። ተነስቼ ገብሱ አይደለም አልኩ። አዳራሹ ሳቀ፤ አንዱ ከኋላ ደግሞ የአህያውን ጆሮ ሊያመጣብን ነው አለ።

«ዶክተር፣ አንዴ ወጥተው ይግቡ» አልኳት።

ጠጥቶ ነው ብላ እንዳሰበች ያስታውቃል፤ ግን ወጣች። ተመልሳ ስትገባ የፊት ረድፍ በሙሉ «ኖር» እያለ፣ እያቃሰተ ብድግ አለ። የአንዱ ጉልበት ሲንቋቋ እስከ በሩ ተሰማ።

«አሁን ደግሞ እኔ ልግባ» አልኩ።

ለእኔ ማንም አይነሳም። ሠርግ ላይ አይነሱልኝም፣ ለቅሶ ላይ አይነሱልኝም። ጋሽ ወልደአማኑኤል ብቻ አንድ ጊዜ ተነስተውልኛል፤ ፍየላቸውን ቀለም ቀብቼ የዱር አውሬ ነው ብዬ በገበያ ሳሳይ ደርሰውብኝ፣ ሊያባርሩኝ። ወጣሁ፣ ገባሁ። አንድ ሰው ንቅንቅ አላለም። እትዬ የሺሃረግ እንዲያውም ፊታቸውን አዞሩ።

«አዩ» ልላት ስል ራሷ ገባት መሰለኝ። ሄዳ እትዬ የሺሃረግ ፊት ተንበረከከች።

«እማማ፣ እንግዳ የለም። እስቲ ለራስዎ ብለው ይነሱ።»

እትዬ የሺሃረግ ወንበሩን ያዙ። ሞከሩ። ክንዳቸው ተንቀጠቀጠ፣ መልሰው ቁጭ አሉ።

«ለሰው ክብር ነው እንጂ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ለራሴማ ምን አቅም አለኝ ልጄ።»

ዶክተሯ ወደ እኔ ዞራ ለምን ያኔ አልነገራችሁንም አለች። እናንተስ በእግዜር ማለትን ማን ከለከላችሁ አልኳት። መመሪያው ነው አለች። ሰው ሲያቃስት እያያችሁ ዝም በሉ የሚል መመሪያ። የስንዴ ማሳ ላይ የሚቆም የወፍ ማስፈራሪያ እንኳ ነፋስ ሲመጣ ጎንበስ ይላል፤ እነዚህ ግን ተምረው፣ ተመርቀው፣ መኪና ተሰጥቷቸው፣ አሮጊት አራት ጊዜ አስነስተው ብርቱ ነች ብለው ሄዱ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ጥናቱ እንደገና ተሠራ። በዚያኛው ዙር ሁሉም ከደጅ «በማርያም፣ እንዳይነሱ» እያሉ ገቡ። ባለሙያውም ሳምንቱን ለሁሩታና ለእኛ ከፍሎ መምጣት ጀመረ።

እትዬ የሺሃረግ ግን ተቀየሙኝ። በሰው ፊት ገመናዬን ገለጥክ ብለው ሰላምታዬን አልመልስ አሉ። ባለሙያው ይነሱ፣ ይቀመጡ ሲላቸው በግድግዳው በኩል እሰማለሁ፤ በእያንዳንዱ መነሳት አንድ እርግማን ይወጣቸዋል። የሚረገመው ማን እንደሆነ መጠየቅ አያሻም።

ባለፈው ሳምንት ውሃ ጠፍቶ ስለነበር ጀሪካን ሞልቼ ይዤላቸው ገባሁ። እትዬ የሺሃረግ አዩኝ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ፤ ምንም ሳይጨብጡ፣ አንድም ቅዱስ ሳይጠሩ፣ ቀስ ብለው ተነሱ። ለእኔ። ጀሪካኑ ከእጄ ወደቀ። በእግዜር፣ አይነሱ ለማለት አፌን ስከፍት ዩኒቨርሲቲው የሰጣቸው ከዘራ ከመደቡ ጥግ ተነስቶ ትከሻዬ ላይ አረፈ።

«ይሄ ለአዳራሹ ነው» አሉ።

ከዚያ ከዘራውን ተደግፈው፣ ማሚቱን ሳይጠብቁ፣ ብቻቸውን ወደ ሽንት ቤት ሄዱ።