የኮራዶ ሆልደን

ኬልቪን ለፖሊስ ሲደውል ትንሽ እንኳን አላመነታም። ለምን ያመነታል! የጎረቤቱ የኮራዶ አሮጌ ሆልደን መኪና መንገድ ዳር ከቆመች ከርማለች፤ ጎማዋ ንፋስ ጎድሎታል፣ ቦሎዋ አልፎባታል፣ የባሕር ወፍ ጣሪያዋን አጨማልቆታል። የኬልቪን ልጅ ደግሞ ለገና ተጎታች ቤቱን ይዞ ከአደሌይድ ሊመጣ ነው፤ ለእሱ የሚሆን ሌላ ቦታ የለም። "ስሜን አትጻፉ" አለና ስልኩን ዘጋ።

በትንሿ የአውስትራሊያ የወደብ ከተማ በፖርት ፒሪ ጎረቤትን ለፖሊስ መጠቆም ከሌብነት አይተናነስም። ቅሬታ ያለው ሰው አጥር ተደግፎ ይሳደባል፣ ቢራ ይጠጣል፣ ይታረቃል። ኬልቪን ግን ሚስቱ ኖሪን ከሞተች ወዲህ አጥሩ ጋ መቆም ትቷል። ኮራዶ በበኩሉ ዓርብ ዓርብ ያጠመደውን ዓሣ በፌስታል አድርጎ አጥሩ ላይ ካለው ሚስማር ማንጠልጠሉን አልተወም። ኬልቪን በልቶ ዝም ነው።

አንዲት ፖሊስ በማግስቱ ረፋድ ላይ መጣች። ኬልቪን ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ አያት። ኮራዶ ጉልበቱን ከታመመ ወዲህ የማይለየውን ምርኩዝ ይዞ ወጣ።

"ልጄ፣ ይህቺ መኪና እኮ አትነዳም! ቆማ ማንን ገጨች?"

"አባቴ፣ ቦሎ የሌላት መኪና ቆማም ቢሆን መንገድ ላይ አይፈቀድም። ግቢዎ ውስጥ ብትሆን እኔን አይመለከተኝም ነበር። ቅጣቱን ጽፌያለሁ፤ ነገ ጠዋት እዚሁ ካገኘኋት አስጎትታታለሁ።"

"ማን ነው የጠቆመው?"

"እሱን አልነግርዎትም።"

ብዙም ሳይቆይ የኬልቪን በር ተንኳኳ።

"አንተ ሰነፍ፣ ጉልበት አለህ ወይስ እሱንም ጡረታ አስወጣኸው? ና ግፋልኝ!" አለ ኮራዶ። "ዓሣ ለማጥመድ እስከ ወደቡ የሰው መኪና መለመን ሰልችቶኛል። ጉልበቴ ሲሻለው ላስነሳት ነበር፤ ከወሰዷት አለቀልኝ።"

ኮራዶ መሪውን ያዘ፤ ኬልቪን ከኋላ ገፋ። ሁለቱ ቤቶች የሚጋሩት መግቢያ ጋ ሲደርሱ ኬልቪን ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ አለ። ንዴቱም ተመለሰ።

"ለመሆኑ መጀመሪያውኑ ለምን ከግቢ አወጣሃት?"

ኮራዶ መሪው ላይ ተደገፈ።

"ኖሪን ናት የለመነችኝ" አለ። "አምቡላንሱ እስከ በራችሁ እንዲገባ። 'ኬልቪን ሰው ማስቸገር ይጠላል፣ አትንገረው' አለችኝ። ነፍሷን ይማርና፣ ከቀበርናት በኋላ መኪናዋን ልመልሳት አልኩ፤ እሷ በወጣችበት ቦታ መኪና መገተር ከበደኝ። ከዚያ ጉልበቴ ታመመ፣ ቦሎውም አለፈ።"

ኬልቪን አስታወሰ። አምቡላንሱ በመጣ ቁጥር መግቢያው ባዶ ነበር። አንድም ቀን ለምን ብሎ አልጠየቀም፤ በዚያ ሰሞን ከኖሪን አልጋ ሌላ የሚያየው ነገር አልነበረውም። አሁን እፍረት አንገቱ ድረስ ሞላው።

"ግፋ እንጂ! ወደ እኔ ግድግዳ ላስጠጋት" አለ ኮራዶ። "ቦታ እንተው። አምቡላንስ ነገ ለአንተ ይምጣ ለእኔ ማን ያውቃል?"

ሆልደኗ ግድግዳውን ታክካ ቆመች። ኬልቪን አፉን ቢይዝ ኖሮ ማንም አያውቅበትም ነበር። አልቻለም።

"የደወልኩት እኔ ነኝ።"

ኮራዶ ምርኩዙን ፈልጎ ቀስ ብሎ ወረደ። አልተሳደበም፤ ቢሳደብ ይሻል ነበር።

"በሬን ብታንኳኳ ምን ነበረበት?" አለና ቤቱ ገባ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ኬልቪን ይቅርታ ለመጠየቅ ደጋግሞ ሄደ፤ ኮራዶ በሩን ከፍቶ ሰምቶታል፣ "እሺ" ብሎታል፣ መልሶ ዘግቷል።

ለገና ልጁ መጣና ተጎታች ቤቱን ሆልደኗ ከነበረችበት ቦታ አቆመ። "አባዬ፣ ዘንድሮ አሪፍ ቦታ አገኘን!" አለ። ዓርብ ጠዋት ደግሞ ሻዩን ይዞ በረንዳ ላይ ወጣና፣ "የኮራዶ ዓሣስ? ዛሬ አላጠመደም እንዴ?" ሲል ጠየቀ።

ኬልቪን ወደ አጥሩ አየ። ሚስማሩ ባዶ ነበር። በጋራው መግቢያ ሆልደኗ የኮራዶን ግድግዳ ታክካ ቆማለች፤ አጠገቧ እስከ ኬልቪን በር ድረስ አንድ አምቡላንስ የሚያስገባ ቦታ እንደተተወ ነው።